ነጩና ጥቁሩ ማዳበሪያ በልኩ



የባሌ ደጋ፥ ይልቁንም በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለው ሜዳ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ እህል የሚዘራበት አገር ነው። አንደኛው ዘር በመጋቢትና በሚያዝያ በበልግ ዝናም ተዘርቶ በክረምት የሚሰበሰበው ነው፤ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ገና ይለዋል፤ ከልደት በዓል ጋራ የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር የሚታጨደው ቦና ነው። ይህ በረከት የራሱ ወጪ አለበት። ሌላው ደገኛ በዓመት አንድ ጊዜ ማዳበሪያ ሲገዛ የሮቤ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይገዛልና፥ ልኩን የሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱም ሁለት ጊዜ ነው። ማዳበሪያ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ እጅግ ከተወደደ፥ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻም የብር ምንዛሪ ዝቅ ካለ ወዲህ፥ አንድ ከረጢት ለአንድ ቤተ ሰብ የልጆች ልብስና ደብተር ማለት ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ደረቁ ማዳበሪያ አመጣጠንና አቀላቀል እንነጋገራለን። የምንናገረውም ስንዴና ገብስ ለሚያርሰው አባወራ ብቻ ሳይሆን፥ በጓሮዋ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ለምታለማው እመቤትም ጭምር ነው።

ማዳበሪያ በብዙ ቤት የሚታወቀው በመልኩ ነው፤ ነጩና ጥቁሩ ይባላል። ነጩ ዩሪያ ነው። ጥቁሩ ግን አንድ ነገር አይደለም። ቀድሞ ጥቁሩ ሲባል ዳፕ ማለት ነበረ፤ ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ኤን ፒ ኤስ የሚባለው መጣ፤ ቦሮን የተጨመረበትም አለ። ገበሬው እጅ የሚደርሰው እንደ ዘመኑና እንደ ግዢው ይለያያል። እንግዲህ ከረጢቱን ከመፍታት አስቀድሞ በላዩ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ ይገባል፤ አባት ማንበብ ባይችል ልጁ ያንብብለት፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከው ለዚህም ነውና።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት ከመቶው ኪሎ ውስጥ ለተክሉ ምግብ የሚሆነው ስንት እንደ ሆነ ነው። ዩሪያ 46 ነው፤ ይኸውም በአንድ ኩንታል ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ዳፕ 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፌት ይዟል። ኤን ፒ ኤስ 19 ናይትሮጅን፥ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ ይዟል። የፎስፌቱ ቁጥር በቀድሞ የኬሚስቶች ልማድ ከኦክሲጅን ጋራ ተቆጥሮ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ንጹሑ ፎስፈረስ ከዚያ ያነሰ ነው፤ 38 ተብሎ የተጻፈው ከ17 ኪሎ በታች ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ የቀረው የዩሪያ 54 ኪሎ አሸዋ ነውን?» ብሎ ነጋዴውን ይጠረጥራል። አይደለም። ዩሪያ ናይትሮጅን ከካርቦን፥ ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጅን ጋራ ተጣምሮ የተሠራ ነው፤ እነዚህ ባይኖሩ ናይትሮጅኑ አየር ሆኖ በከረጢት አይቋጠርም ነበር።

ናይትሮጅን ቅጠሉንና አገዳውን ያለመልማል። ፎስፈረስ ሥሩን ያጠነክራል፥ ፍሬውም እንዲሞላ ይረዳል። ድኝ ደግሞ ተክሉ ፕሮቲን እንዲሠራ ያስፈልገዋል። ካርል ሽፕሬንግልና ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ የተባሉ የጀርመን ኬሚስቶች በ19ኛው ምእት ዓመት ያስተማሩት ሕግ አለ፤ ተክል የሚያድገው እጅግ ባነሰው ምግብ ልክ ነው፥ የሌላው መብዛት አይጠቅመውም ይላል። እናቶቻችን ይህን በቡኮ ያውቁታል። ዱቄቱ ቢበዛ፥ ውኃውም ቢሞላ፥ እርሾው ከሌለ እንጀራው ዐይን አያወጣም፤ ዱቄት መጨመርም አያድነውም። እንዲሁም ፎስፈረስ ባነሰው መሬት ላይ ነጩን ብቻ ደጋግሞ የሚበትን ሰው ለጊዜው ሰማያዊ የሚመስል ለምለም ቡቃያ ያያል፤ ኋላ ግን አገዳው ስስ ሆኖ በነፋስና በዝናም ይጋሽባል። የዛሬ የገንዘብ ሊቃውንት የዋጋ መናርን ግሽበት ያሉት ከዚሁ ከእርሻ ቃል ወስደው ነው፤ ቁመቱ ረዝሞ ፍሬ የሌለው ነገር ነውና መልካም አድርገው ሰይመውታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማዳበሪያ የሚሰጠው ለመሬት ስፋት ነው እንጂ ለከረጢት ወይም ለዐይን ግምት አይደለም። ለብዙ ዘመን በአገራችን ሁሉ «ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ» እየተባለ ለማንኛውም አፈር ሲመከር ኖሯል። ይህ ምክር ለመናገር ቀላል ነበረ። ነገር ግን የአጋርፋ አፈርና የጎሮ አፈር አንድ ስላልሆነ፥ ዛሬ ልኩ እንደ ቦታው እንዲለያይ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ለሮቤ አካባቢ የሚስማማውን ልክ ከቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ወይም ከሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል። እኛ ከዚህ በታች መቶውን ኪሎ የምንጠቅሰው ለስሌት እንዲመች ነው። በእርሱ አንጻር እንኳ ልዩነቱን ተመልከቱ፤ አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ 65 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣሉ፤ ዳፕ ከዩሪያ ጋራ ሲሆን 64 ነው። በናይትሮጅን ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በፎስፌት ግን 38ና 46 ነው፤ ኤን ፒ ኤስን እንደ ዳፕ ቆጥሮ የሚዘራ ሰው 8 ኪሎ ጎደለበት፥ 7 ኪሎ ድኝም ሳያውቀው አተረፈ።

መሬታችንን ግን እናውቀዋለን ወይ? በብዙ አገር ጥማድ የሚባለው አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው፤ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በሬውም ቀኑም እኩል አይደለም። የጠነከረ በሬ ያረሰው ጥማድ ሰፊ ነው፤ ድንጋያማና ተዳፋት የሆነው ጠባብ ነው። በእርግጥ ሩብ ሄክታር ማለት በአራቱም ጐን 50 ሜትር የሆነ መሬት ነው፤ ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ የ50 ሜትር ገመድ ገዝቶ ወይም ፈትሎ ማሳን መለካት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለካ በኋላ ልኩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በመቶ ኪሎ ሒሳብ ለዚህ ማሳ የሚበቃው 25 ኪሎ ነው፤ ይኸውም የ50 ኪሎው ከረጢት እኩሌታ ነው። ማሳው ሩብ ሄክታር ሳይሞላ ከረጢቱን በሙሉ ያፈሰሰ ሰው፥ ከገንዘቡ እኩሌታውን የበተነው ያለ ልክ ነው።

በእጅ ለሚበትን ሰው የሚያስቸግረው ማስተካከሉ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እጁ ይሞላል፥ ወደ መጨረሻው ከረጢቱ እየጎደለ ሲሄድ እጁ ይሳሳል። ገበሬዎቻችን ዘር ሲዘሩ ፈር ያወጣሉ፤ ማዳበሪያም እንዲሁ ይዘራ። የ50 ሜትሩን ማሳ በየ5 ሜትሩ ፈር አውጥተው አሥር ቦታ ይክፈሉት፤ 25ቱን ኪሎም አስቀድመው አሥር ቦታ ሁለት ኪሎ ተኩል ሁለት ኪሎ ተኩል አድርገው ያስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ድርሻ እኩሌታውን በመሄድ፥ እኩሌታውን በመመለስ ይበትኑ። በመስመር የሚዘራም ሒሳቡ ቀላል ነው። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ 50 ሜትር ርዝመት ላለው አንድ መስመር 100 ግራም ይደርሰዋል። ማዳበሪያውን ከዘሩ አጠገብ በመስመር መቅበር ከመበተን እንደሚሻል እናምናለን፤ ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከወደቀበት ብዙ አይንቀሳቀስምና ሥሩ በቶሎ ሊያገኘው የሚገባ ነው። ይህ ስለ ጥቁሩ ነው። ነጩ ከዘር ጋራ ከተነካካ ቡቃያውን ያቃጥለዋል።

ለጓሮ ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ይቀላል። መቶ ኪሎ ለሄክታር ማለት ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ነው። አምስት ሜትር ርዝመት፥ አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ላለው መደብ 60 ግራም ይበቃል። ይህ ከአንድ እፍኝ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ብዙ እመቤት ግን ለእንዲህ ያለው መደብ ሙሉ ጣሳ ትበትናለች። ጎመኑ ቢጠወልግ «ውኃ አነሰው» ይባላል እንጂ ጨው በዛበት አይባልም።

ሚዛን የሌለው ቤት እንዲህ ያድርግ። አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይዞ ወደ ባለ ሱቅ ይሂድና ዩሪያውን ሞልቶ ያስመዝን፤ የባዶውንም ክብደት ይቀንስ፤ ከዚያ በሚስማር በጣሳው ላይ ይጫርበት። ለጥቁሩ ሌላ ጣሳ ይኑር። አንዱ ጣሳ ለሁለቱ አይሆንም፤ አንድ ሊትር ዩሪያ ከሦስት ሩብ ኪሎ ብዙ አይርቅም፥ ጥቁሩ ግን በዚያው ጣሳ ከእርሱ ይከብዳል። ለትንሹ መጠን የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ይበቃል፤ አንዱን ቆርኪ መመዘን አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሃያውን አንድነት መዝኖ ለሃያ ማካፈል ነው። ቆርኪ በማለታችን የሚስቅ ቢኖር፥ በኒጀርና በሌሎች የሳህል አገሮች ድኻ ገበሬዎች ማሽላቸውን በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ቆርኪ ማዳበሪያ እየሰጡ የተሻለ ምርት ማግኘታቸውን ይወቅ፤ ይህንንም ያስተማሯቸው የታወቁ የምርምር ሰዎች ናቸው።

ሁለቱን መቀላቀል ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ነገር ግን በሚዘራበት ቀን ነው። ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከሌላ ማዳበሪያ ጋራ ሲቀላቀል ደግሞ ከብቻው ይልቅ ይረጥባል። በክረምት ጉም በማይለይበት በጎባ ዛሬ ተቀላቅሎ በሳምንቱ የሚፈታ ከረጢት ድንጋይ ሆኖ ይቆያል፤ በመዶሻ የተሰበረ ማዳበሪያም በልክ አይበተንም። ያልተቀላቀለውንም ቢሆን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ይገባል።

ከአመድ ጋራ ግን ጥቁሩን ፈጽሞ አይቀላቅሉ። አመድ መልካም ነገር ነው፤ በዩሪያም በኤን ፒ ኤስም ውስጥ የሌለው ፖታሲየም በአመድ ውስጥ አለ። ኩበት በምድጃ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋራ ይሄዳል፥ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ አመድን ከደጅ መጣል ገንዘብን መጣል ነው። ነገር ግን አመድ ጥቁሩን ማዳበሪያ ሲነካው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። እርጥብ አድርገው ቢያሽቱት ወዲያው አፍንጫን የሚወጋ፥ የፈረስ ጋጣ የሚመስል ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ የከፈሉበት ናይትሮጅን ነው። አመዱ ከሳምንታት አስቀድሞ በጓሮው ተበትኖ ከአፈር ጋራ ይገላበጥ፤ ማዳበሪያው በጊዜው ይከተል።

በውኃ በጥብጦ ለመስጠት ለሚሻ፥ ለአሥር ሊትር ባልዲ 5 ግራም ዩሪያ በቂ ነው፤ ያም ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ይሆናል፤ የሚፈሰውም ከሥሩ ላይ ነው እንጂ በፀሐይ ሰዓት ከቅጠሉ ላይ አይደለም። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ይወስዳልና፥ ብዙ ዩሪያ በጥቂት ውኃ የበጠበጠ ሰው ዕቃው በእጁ ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል፤ ይህ የተበላሸ ምልክት አይደለም። ጥቁሩ በውኃ ተሟሙቶ አያልቅም፥ ከሥር አተላ ይቀራል፤ አተላውን ከመደቡ ዳር መቅበር ነው።

በውኃ ውስጥ ማዳበሪያን በልክ የመስጠት ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው፥ ዓሣና የውኃ ተክል በመስተዋት ገንዳ በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ነው። እነርሱ በመጀመሪያ ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይለካሉ፤ ከዚያ ደረቁን ጨው በግራም መዝነው ይጨምራሉ። አንድ ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በ60 ሊትር ውኃ ሲሟሟ በእያንዳንዱ ሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ናይትሬት ይሆናል፤ በዚህም ይረካሉ። ለጌጥ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ካለ፥ ለእንጀራው የሚዘራ ሰው ገመድና ጣሳ ቢይዝ ምን ይበዛበታል? ብዙዎቹ ዩሪያን ከገንዳቸው ከማስገባት ይጠነቀቃሉ፤ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ዓሣውን ሊገድልባቸው ይችላልና። ይህን እዚህ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሌ ተራሮች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ የሚያልፈው ወይብ ከውጭ አገር የገባው ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖርበታል፤ ሰውና ከብትም ይጠጣዋል። ዝናም ሊጥል ደመናው ሲጠቁር በተዳፋት ላይ የተበተነ ዩሪያ የሚወርደው ወደ እርሱ ነው።

ዩሪያ የሚሰጥበት ጊዜ እንደ መጠኑ ያህል ከባድ ነገር ነው። ስንዴ ሲዘራ ጥቁሩ በሙሉ ይሰጣል፤ ከነጩ ግን የሚበልጠው ክፍል ቡቃያው ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ማውጣት እስኪጀምር፥ ይኸውም ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ይቆያል። አስቀድሞ አረሙ ይነቀል፤ አለዚያ የሚቀለበው አረሙ ነው። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ግን ጤዛው የረገፈለት ሊሆን ይገባል። በፀሐይ ተበትኖ ሳይሸፈን የቀረ ዩሪያ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ጥቂት ካፊያ ወደ አፈር ቢያወርደው መልካም ነው፤ ዶፍ ግን ያጥበዋል። የሰነቴን ሰማይ አይቶ ነገ ምን እንደሚሆን የሚናገር ሽማግሌ በሰፈሩ ያለው ሰው ምክሩን ይጠይቅ።

ገንዘቡ ለአንድ ከረጢት ብቻ ቢበቃስ? ብዙ ሰው ግማሹን ማሳ በሙሉ ልክ አዳብሮ ግማሹን እንዲያው ይተዋል። ሁለቱም ወገን ተመሳሳይ አፈር ከሆነ ይህ አይመከርም። የመጀመሪያው ኪሎ የሚሰጠው ጥቅም ከመጨረሻው ኪሎ ይበልጣል፤ የተራበ ሰው በመጀመሪያው እንጀራ የሚያገኘውን ኀይል በአራተኛው አያገኘውም። ስለዚህ ያለውን ለሁሉም በእኩሌታ ልክ፥ ከተቻለም በመስመር ከዘሩ አጠገብ መስጠት በጠቅላላው የተሻለ ምርት ያስገኛል። የጎደለውን ደግሞ ፍግ ይሙላው። ከብት በበዛበት በዚህ ደጋ ፍግ ከበረት ደጃፍ ተቆልሎ ዝናም ሲያጥበው ማየት ያሳዝነናል። ባቄላና አተርን ከስንዴ ጋራ እያፈራረቁ መዝራትም ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል።

በመጨረሻ ለቤት እመቤት የምንለው አለ። የባሌ ከብት ጨው ወዳድ ነው፤ ለዚህም ገበሬው መንጋውን እየነዳ ወደ ሆራ ይወርዳል። ዩሪያ ነጭ ፍሬ ሆኖ ጨው ስለሚመስል ላም ካገኘችው ትልሰዋለች። በሆዷ ውስጥ በቶሎ አሞኒያ ይሆንና ሆዷ ተነፍቶ፥ ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትሞታለች፤ የእንስሳት ሐኪም ተፈልጎ እስኪመጣም አትቆይ ይሆናል። እንግዲህ ከረጢቱ በበረቱ አጠገብ አይቀመጥ፤ ዩሪያ የተበጠበጠበት ባልዲ ለከብት ውኃ አይቀዳበት፤ በማሳው ዳር የፈሰሰውም ተለቅሞ ከብቱ ሳይሰማራ በአፈር ይሸፈን። ሕፃናት ስኳር መስሏቸው እንዳይቀምሱት ጣሳዎቹ ከጓዳ ውጭ በከፍታ ላይ ይሰቀሉ። ባዶው ከረጢት ታጥቦም ቢሆን ዱቄት አይያዝበት፤ ለገለባና ለድንጋይ መሸከሚያ ይሁን።